በአህያ ተጭኖ ከተማ የሚገባው ማሳ

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ዝርዝር ላከችልኝ። ቤታችን ውስጥ ለአካባቢ ተስማሚ ኑሮ እንዴት እንደምንኖር የሚመክር ነው። ገላዎን ሲታጠቡ ከአምስት ደቂቃ አይለፉ ይላል። የልብስ ማድረቂያ ማሽንዎን ይተዉና ልብስዎን ውጭ ያስጡ ይላል። የዕቃ ማጠቢያው ማሽን ሳይሞላ አያስነሱት ይላል።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ማለት ነው። በኅዳር ጠዋት፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሳለ፣ ከባልዲ ውኃ ጋር አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ካለ ይሸለም። ማድረቂያ ማሽናችን ንፋሱ ነው፤ ያውም አንዳንዴ ሸሚዙን ይዞት ጎረቤት ግቢ ይገባል።

ስቄ ተውኩት። እሱ ግን አልተወኝም። እውነት እዚህ እኛ ቤት፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ አካባቢውን ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው የትኛው ሥራችን ነው ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ። ሳስበው ሳስበው መልሱ ጓዳ ውስጥ ሆነ። ምጣዱ ሥር።

ደጋ ያደገ ሰው ኩበት እንዴት እንደሚጠፈጠፍ አይነገረውም። እበቱ ከበረት ይዛቃል፣ ገለባ ይጣልበታል፣ ይታሻል፣ ከዚያ በእጅ እየተጠፈጠፈ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ የጣቶቹ አሻራ ላዩ ላይ ይቀራል። ልጅ ሆኜ የእናቴን ኩበት ከጎረቤት ኩበት የምለየው በዚያ ነበር። የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ማጭድ ቆርጦት ጣቱ አጭር ስለነበር፣ ክምሩ ላይ ያለው ኩበት በሙሉ አንድ ጣቱ የጎደለ ነበር።

ለምን ኩበት ቢሉ፣ እንጨት ስለሌለ ነው። ጥዱና ዝግባው እንደ ወፍ ዋሻ ባሉ ጥቂት ደኖች ውስጥ ነው የቀረው፤ እሱም ጥብቅ ነው። ባሕር ዛፍ በየቦታው አለ፤ እሱ ደግሞ አጣና ሆኖ ብር ያመጣል፣ ማን ያነደዋል? ቅጠሉንና ጭራሮውን ለመለኮሻ እንለቅመዋለን እንጂ እንጀራችንን የሚያበስለው ኩበቱ ነው። ገጠሩ ለራሱ አንድዶ የተረፈውን፣ አንዳንዴም ያልተረፈውን፣ በከተማዋ ዙሪያ ካለው የባሶና ወራና ወረዳ ቀበሌዎች በአህያ ጭኖ ከተማ ያመጣል። እኛ እንገዛለን።

እበት ማሳ ላይ ቢቀር አፈር ይሆን ነበር። ምድጃ ውስጥ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ሽው ይላል። አፈሩን ልል አድርጎ ውኃ እንዲይዝ የሚረዳውም ነገር አብሮ ይቃጠላል። አመዱ ውስጥ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይቀራል፤ ከተማ ውስጥ እሱንም መንገድ ዳር ነው የምንደፋው። ገጠር ስትሄዱ ከቤት ጀርባ ያለችውን ጓሮ አይታችሁ ከሆነ፣ ጎመኑ እንዴት ጥቁር አረንጓዴ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አመዱም፣ ጥራጊውም፣ የበጉ በጠጥም የሚወድቀው እዚያ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው የገብስ ማሳ ግን ዓመት ከዓመት ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል አይታይም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚገባው የአህያ ጭነት ማገዶ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሰው ማሳ ላይ የተነሳ አፈር ነው፤ እኛ ነን ገዝተን ያነደድነው።

ኩበት የሚያመጡልኝ አንዲት እናት አሉ። ዓመታት አልፎናል፤ ጭነቱን አውርደው ቡና ጠጥተው ነው የሚሄዱት። ባለፈው ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ እበቱን ሁሉ እዚህ እያመጡ ማሳው ምን ይበላል?»

«ማዳበሪያ ነዋ እታለም። ይሄንንስ ለምን የምሸጥ መሰለሽ?»

ዝም አልኩ። ሴትየዋ ኩበቱን ያመጡት ዩሪያ በመጣበት ጆንያ ነው፤ ጆንያውን ራሱን እኮ ማዳበሪያ ነው የምንለው። በማዳበሪያ ሞልተው የራሳቸውን ማዳበሪያ ሸጠው፣ በብሩ ሌላ ማዳበሪያ ገዝተው ይመለሳሉ። እንዲህ ዓይነት ንግድ ሌላ ቦታ ብሰማ ኖሮ ስቄ አላባራም ነበር።

እናቴን እያነሳሁ የድሮ ኑሮ ጥሩ ነበር ልል እንዳይመስላችሁ። አልነበረም። ጭሱ ዓይኗን ጨርሶታል፤ በመጨረሻ ሰው የምትለየው በድምፁ ነበር። ከእቃ የሚጣል አልነበራትም፣ እሱ እውነት ነው። ቆርቆሮው መስፈሪያ ይሆናል፣ ጀሪካኑ ተቆርጦ መዝሪያ ይሆናል፣ ባናው እየተጣፈ ሦስት ልጅ ያሳድጋል። ግን ይሄ የድህነት ጥበብ ነው። ተመለሱበት ቢሉኝ እኔ አልመለስም፣ ልጆቼም አይመለሱም።

ስለ ፌስታልም አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. ከልክሎታል፤ ጥሩ ነው፣ ዘንቢል መያዝ ማንንም አይገድልም። ነገር ግን ዘንቢል አንጠልጥዬ ገበያ ስለወጣሁ ብቻ አካባቢዬን የታደግሁ ቢመስለኝ፣ ቤት ስገባ ምድጃው ይታዘበኛል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መብራት ለገባለት የከተማ ሰው መልሱ የታወቀ ነው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ የሚመጣ ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ማመንጨት ይችላል። አንድ የተለመደ ምጣድ የሚፈልገው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው። እና ለምንድን ነው ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ አሁንም ጭስ ጭስ የሚለው?

አንዱን ምክንያት አውቀዋለሁ፤ ምክንያቷ እኔ ነኝ።

ግቢዬ ውስጥ አራት ተከራይ ቤተሰብ አለ። ሲገቡ የምነግራቸው ደንብ ነበረኝ። ማታ በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል፣ ውኃ በተራ ይቀዳል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ክልክል ነው። ቆጣሪው አንድ ነዋ! ሂሳቡ ይቆለላል፣ መስመሩ ይቃጠላል፣ ፊውዙ ይወርዳል። ይሄን ደንብ ያወጣሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይመስክር። እኔ በኤሌክትሪክ እየጋገርኩ ተከራዮቼ ጓሮ ሄደው ኩበት ያነዱ ነበር። የሴትየዋ አህያ ግማሽ ጭነቷን የምታራግፈው ለእነሱ ነበር። ያን ዝርዝር የጻፈው ሰው «ለተከራይዎ ምጣድ ይፍቀዱ» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምርበት እኔን በትክክል ያገኘኝ ነበር።

ስለዚህ ተሰብስበን ተነጋገርን። አራት ምጣድ አንድ መስመር ላይ አይሆንም። አንድ ምጣድ ለአምስት ቤት ግን ይሆናል፣ እንዲያውም ይሻላል። ምጣድ ብዙ መብራት የሚበላው ቀዝቃዛ ሸክላውን ሲያሞቅ ነው። አንዴ ከጋለ በኋላ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ብትቀጥል፣ ያ ማሞቂያ ለሁሉም አንዴ ነው የሚከፈለው። ደግሞ ሸክላ ሙቀት ይይዛል። ሁለት እንጀራ ሲቀር ብታጠፉት ሁለቱም ዓይናቸው ወጥቶ ይበስላሉ፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ሦስተኛው ግን ጥሬ ነው የሚሆነው፣ አትስገብገቡ።

የመንዝን ጓሳ፣ ያን ደጋማ የሣር ምድር፣ የሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ አይሆንበትም። የጓሳ ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመንደሩ ደንብ ሲጠበቅ የኖረ ነው። ለዓመታት ይዘጋል፣ ሽማግሌ ሲፈቅድ ይከፈታል፤ ያኔ ሁሉም ሣሩን ያጭዳል፣ ለክዳኑም ለገመዱም ይወስዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ደንብ ፈረሰ፤ ሆኖም ሕዝቡ ነገሩን አልተወውም፣ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ የሚኖሩት እያንዳንዱ መንዜ ለብቻው ደግ ሰው ስለሆነ አይመስለኝም። ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚያይ ነው። ግቢያችንም ያው ነው።

መብራት ላልደረሰውስ? ለእሱ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ አለ፤ ከሲሚንቶ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን ከቦ የሚይዝ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ላያጣፍጥ ይችላል፤ ማገዶውን ግን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይቀንሰዋል። ከሁለት ጭነት ኩበት አንዱ ማሳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የሴትየዋ ነገር ግን ያሳስበኛል። እኛ ሁላችን ኩበት መግዛት በአንድ ቀን ብናቆም፣ የዘንድሮውን ዩሪያ በምን ይገዛሉ? እበቱ ማሳውን እስኪያለማው ዓመታት ይፈጃል፤ የጨውና የቡና ብር ደግሞ ዛሬ ነው የሚፈለገው። እና ቀስ ብዬ ነው የያዝኩት። ድንቹንም፣ እንቁላሉንም፣ ለቆሎ የሚሆነውን ገብስም ከእሳቸው ነው የምወስደው፤ ገበያ ሄጄ አልከራከርም። ኩበቱን በግማሽ ቀንሰናል። ቅር ብሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አህያዋ ደስ ብሏታል» አሉኝ።

የግቢያችን ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። መጀመሪያ የምትጋግረው ሴት ምጣዱን ማሞቅ በእሷ ላይ ስለሚወድቅ ማንም መጀመሪያ መሆን አይፈልግም። ሁለት ጊዜ ተኮራርፈናል። አሁን ምጣዱ አጠገብ ደብተር ተንጠልጥሏል፤ ተራ በተራ ነው። ዛሬ ጀማሪዋ እኔ ነኝ። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ማሰሻው ተዘጋጅቷል፣ አራቱም ሴቶች ቡሃቃቸውን ይዘው በረንዳዬ ላይ ተቀምጠዋል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።