ኮፈኑን ማን ይክፈት? ሞተር በራፍ ላይ ይጠገን ወይስ ለመካኒክ ይተው

ክርክሩ፦ የመኪና ሞተር ሲያስቸግር ባለቤቱ በራፉ ላይ ይነካካው ወይስ እንዳለ ጋራዥ ያድርሰው? ይነካካው የምትለው አዲስ አበባ ውስጥ ከአሜሪካ የገባ የ2005 ሞዴል ኮሮላ የምትነዳ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። አይነካካው የሚሉት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ መካኒክ ናቸው።

ባለመኪናዋ፦

ጋሼ፣ ከራሴ መኪና ልጀምር። ባለፈው ዓመት የሞተር መብራቱ በርቶ አልጠፋ አለ። ቤንዚን መብላት ጀመረ፤ ጠዋት ከቤት ወጥቼ ቢሮ እስክደርስ የሙቀት ጌጁ ከታች ንቅንቅ አይልም። አንዱ ጋራዥ ካንዴላ ቀየረ፤ ሌላው ኦክስጅን ሴንሰር ቀየረ። «ሞክረን እንየው» ነው ነገሩ፤ ሙከራው የእነሱ፣ ሒሳቡ የእኔ። መብራቱ ሁለት ቀን ጠፍቶ ተመለሰ።

በመጨረሻ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ኮድ ማንበቢያ ገዝቼ ከመሪው ሥር ሰካሁት። ፒ0128 አለኝ፤ ሞተሩ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ቅዳሜ ዲናሞውን ፈትቼ ከጀርባው ያለውን የቴርሞስታት ቤት ብከፍተው ባዶ! ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋው ነው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መኪናው ሲሞቅ የወሰድኩበት ጋራዥ አውጥቶ ጥሎታል፤ ለእኔ ትንፍሽ አላለም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቶሎ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። እና ነካኪው ማን ሆነ?

መካኒኩ፦

ልጄ፣ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የሙያችን ነውር ነው፤ አልከላከልለትም። ራዲያተሩ ተደፍኖ ወይ ፋኑ አልዞር ብሎ ሳለ ቴርሞስታቱን ይጥሉታል፤ ለጊዜው ይበርዳል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ግን አንቺን ያዳነሽ ቁልፍ መያዝሽ ሳይሆን ከመፍታትሽ በፊት ማንበብሽ ነው። እኔ ጋ ተጎትተው የሚመጡት መኪኖች ባለቤቶች እንዳንቺ አላነበቡም።

አንዱ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ የአባይን በረሃ ወደ ደጀን ሲወጣ መኪናው ሞቀበት። ቆመ፤ እስከዚህ ጥሩ። ወዲያው የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና ክንዱን ተቃጠለ። ራዲያተር የሚሠራው ታፍኖ ነው፤ ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዘው ውኃው ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ሲከፈት ግን በአንዴ ፈልቶ ይተፋዋል። ሰውዬው ይህ አልበቃው ብሎ የጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ደፋበት። እኔ ጋ ሲደርስ የዘይት ማስገቢያውን ክዳን ገለበጥኩት፤ ከሥሩ ያለው ዘይት ማኪያቶ መስሏል። ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክዳን ተጣሞ፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ አሳልፎ፣ ውኃና ዘይት አንድ ላይ ሆነዋል። ጥላ ፈልጎ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ኖሮ ምናልባት አንድ የላስቲክ ቱቦ ቀይረን እንሸኘው ነበር።

ባለመኪናዋ፦

እዚያ በረሃ መካከል መካኒክ አልነበረም እኮ! «አትንካ፣ ለባለሙያ ተው» እየተባለ ያደገ ሰው ነው የተቃጠለው። መጠበቅ እንዳለበት ማን ነገረው?

ጎረቤቴ ደግሞ አለ። መኪናው ጠዋት ቁልፍ ሲያዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። «ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ተባለ። ኮፈኑን ከፍተን ብናይ የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፈትተን፣ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበን፣ አድርቀን አሰርነው፤ አንዴ ሲያዞረው ተነሳ። ያን ቀን ቴስተር ገዛ። አሁን ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ካየ ባትሪው ሙሉ እንደሆነ፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካየ ዲናሞው እየሞላ እንደሆነ ያውቃል። ተነስቶም 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሞላምና ባትሪ መግዛት ብር መጣል ነው። ይቺን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት መፍታት ያስፈልጋል?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም። በእጃችን ያለው ይኸው አሮጌው ነው፤ እያረጀ በሄደ ቁጥር በየሳምንቱ ጋራዥ ማደር ሊሆን ነው።

መካኒኩ፦

ባትሪውን ተዪው፣ እሱን እጠቡ። ቺንጊያ መሰንጠቁን፣ የዘይቱን ልክ፣ የኩላንቱን፣ ማለት የማቀዝቀዣ ፈሳሹን ልክ ማየትም የማንም ሥራ ነው። እኔ የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ክሪክ ብቻ ተማምኖ መኪና ሥር የሚገባ አለ። ኮድ አይቶ መለዋወጫ ሊገዛ ሶማሌ ተራ የሚሮጥም አለ። ፒ0171 የወጣለት አንድ ልጅ ሴንሰር ገዝቶ ገጠመ፤ ምንም። ኮዱ ያለው «አየሩ ከቤንዚኑ በዝቷል» ነው እንጂ «ሴንሰር ቀይር» አላለም። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለው ቱቦ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ አየር ይስባል፤ በጣቴ ገልጬ አሳየሁት።

ሌላው ቴርሞስታት በድስት ቀቅሎ ሊፈትን ሞከረ። ለቶዮታ ይሠራል፤ ያንቺ በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። የእሱ ግን ከ100 በላይ የሚከፈት የአውሮፓ መኪና ነበር። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ 92 አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ አይዘልም። ሳይከፈት ሲቀር ጤነኛውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

ለመሆኑ አንቺ አዲሱን ስትገጥሚ፣ ጠርዙ ላይ የምትንቀሳቀሰውን ትንሿን ፒን ወዴት አደረግሻት?

ባለመኪናዋ፦

ወደ ላይ፣ ጋሼ፤ አየር እንዲወጣ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ወደ ታች አድርጌያት ነበር። ጌጁ ወጣ ወረደ ሲልብኝ አየር እንደያዘ ገብቶኝ በማግስቱ እንደገና ፈታሁት።

መካኒኩ፦

ሁለተኛ ስትፈቺው የጎማ ቀለበቷን ቀየርሻት?

ባለመኪናዋ፦

እሷኑ መለስኳት።

መካኒኩ፦

ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሺ ጎንበስ ብለሽ ከዲናሞው ጀርባ፣ ከሥሩም መሬቱን እዪ። ደርቆ የቀረ የኩላንት ቀለም ካለ ጻፊልኝ።