ድንጋዩን ከእጃችሁ ጣሉት

የጎጃም ሰዎች፣ በተለይ እናንተ በጣና ዳር የምትኖሩ፣ የምናገረው ደስ ላይላችሁ ይችላል። ዝም ብዬ ማለፍ ግን አልቻልኩም።

ሰሞኑን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ሰው ሲንሸራሸር ማንም ያልጠበቀው ወፍ ታየ። ቁመቱ የልጅ ያህላል። አንገቱ ነጭ፣ ፊቱ ቀይ ነው፤ ከአገጩ ሥር ነጭ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ብዙው ሰው ሽመላ መስሎት ነበር። አይደለም። አጥኚዎች ዋትልድ ክሬን የሚሉት ነው፤ ክሬን የሚባሉት እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆነ፣ ከሽመላ የተለዩ ወፎች ናቸው፤ ይህም በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ ትልቁ ነው። አብዛኛው ዘሩ የሚገኘው በደቡባዊ አፍሪካ፣ በዛምቢያና በቦትስዋና ረግረጎች ነው። የእኛዎቹ ከእነዚያ ተነጥለው በኢትዮጵያ ደጋ የቀሩ ጥቂቶች ናቸው።

ታዲያ ምን አደረጋችሁ? አንዱ ድንጋይ አነሣ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ እየሮጠ ተጠጋው። ሴልፊ ካልተነሣሁ ያለም አልጠፋ። ወፉ ተነሥቶ ሲሄድ ሳቃችሁ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

ይህ ወፍ የሚጥለው አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሳድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ። ያ ጫጩት ለመብረር ሦስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እስከዚያ በእግሩ ነው፤ ውሻም የእረኛ ዱላም ይደርስበታል። እናትና አባቱን ከጎጆው ባባረራችሁ ቁጥር እንቁላሉን ለቁራ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ደግሞ ከድንጋዩ የባሰ አለ። ይህ ወፍ የሚመገበውም ጎጆ የሚሠራውም ውሃ በተኛበት ሣር ውስጥ ነው። እናንተ ግን ረግረግ ስታዩ ባዶ መሬት ይመስላችኋል። ቦይ ቀዳችሁ ታደርቁታላችሁ፤ ጫት ትተክሉበታላችሁ። ደንገሉን ታጭዳላችሁ፣ የቀረውን ታቃጥላላችሁ። እስቲ ባሕር ዳር አጠገብ ያለውን የእንፍራንዝን ረግረግ ሄዳችሁ እዩት። ባሕር ዳር ለዓመታት የጠጣችው የምንጭ ውሃ እኮ ከዚያው አካባቢ ነው የመጣው!

ረግረጉን መጠበቅ አንችልም አትበሉኝ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ጫካውም ቡናውም እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ነው። እንቦጭ ጣናን ሲወርርም ስንቱ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ጋር ተስማምቶ በሚጠበቅበት ስፍራነት መዝግቦታል፤ መዝገቡ ግን ረግረጉን ቆሞ አይጠብቅም።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ወደ ሐይቁ ሲወርዱ ወንጭፋቸውን ተቀበሏቸው። ወጣቶች፣ ፎቶውን ከሩቅ አንሡ፤ ቦታውን ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። አስጎብኚዎች፣ ለጉርሻ ብላችሁ እንግዳ ይዛችሁ አትጠጉ። ጎጆውን በማሳው ዳር ያየ ገበሬም ጫጩቱ መብረር እስኪችል ድረስ ከብቱን ወደ ሌላ ሜዳ ይንዳ፤ ውሻውንም ይሰር።