«በእግርሽ መጥተሽ የለ?»

አዎ፣ በእግሬ ነው የመጣሁት። በምን ልምጣ? ቃሬዛ ላይ ተጭኜ ብመጣ ነበር የምታምኑኝ?

ቤት ከገባሁ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላኝም። በጎኔ ተኝቼ፣ በጉልበቶቼ መካከል ትራስ አስገብቼ፣ ስልኬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ የሆነውን ዛሬ ካልተናገርኩት ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ያድራል።

ዛሬ የወገብ ቀዶ ጥገና ከተደረገልኝ 32ኛ ቀኔ ነው። ሐኪሙ ለተጨማሪ አንድ ወር የሕመም ፈቃድ ጻፈልኝ። ወረቀቱን በልጄ ብልከው የማስተምርበት ትምህርት ቤት «ራሷ ካላመጣችው አንቀበልም» ብሎ መለሰልኝ። ራሴ ይዤ ሄድኩ። በባጃጅ መሄድ አልችልም፤ የእኛን ሰፈር ኮብልስቶን ታውቁታላችሁ፣ ጤነኛውም ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ዳገቱን በእግሬ፣ በየሃያ እርምጃው ግንብ እየተደገፍኩ ወጣሁት። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ደግሞ ቁስሉን ያውቀዋል፤ ሹራብና ጋቢ ደርቤም ጠባሳው ድረስ ይገባል።

እንደዚያ ሆኜ ቢሮው ደረስኩ። ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ኃላፊው በዕድሜ ያንሰኛል። እስከ ዛሬ «መምህርት፣ እርስዎ» እንጂ በሌላ ጠርቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፦

«ተቀመጪ» አለኝ።

«አመሰግናለሁ፣ ብቆም ይሻለኛል።»

«ተቀመጪ እንጂ፣ እንግዳ ሆንሽ እንዴ?»

«ከመንገድ መምጣቴ ነው፣ ወንበሩም ዝቅ ያለ ነው። ብቀመጥ ለመነሳት እቸገራለሁ። ለጊዜው ረጅም መቀመጥም ተከልክያለሁ።»

«እንግዲያው መቀመጥ ካልቻልሽ ቆመሽ አስተምሪያ! ድሮስ መምህር መቼ ይቀመጣል?»

ሳቁ። ሦስቱም ሳቁ። አንደኛዋ ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት አብራኝ ያስተማረች፣ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት የከተፍኩላት ሴት ናት። እሷም ሳቀች።

«ሐኪሙ የጻፈውን አንብበው» አልኩት።

«ምን አነባለሁ? በእግርሽ መጥተሽ የለ? ጠዋት ጠዋትም ፒያሳ ስትንሸራሸሪ ያዩሽ አሉ። ወላጆች እየጠየቁን ነው።» ይህን ብሎ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ጫፉ ላይ አልቆመም፣ ወደቀ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ወረቀቱ እግሬ ሥር ነው። ክብ ማኅተሙ ወደ ላይ ሆኖ ይታየኛል። ሐኪሙ በመጀመሪያ የከለከለኝ ነገር ማጎንበስ ነው። ጎንበስ ማለት የተሰፋውን ቦታ ብቻ መሳብ አይደለም፤ የቀረውን ዲስክ ወደ ኋላ መግፋት ነው። ቀጥ ብዬ ጉልበቴን አጥፌ እንዳልወርድ የምይዘው ነገር የለም፤ ጠረጴዛው በእነሱ በኩል ነው። እነሱ ወረቀቱን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ኃላፊው «ወረቀትሽ ወድቋል» አለኝ። ወረቀትሽ ወድቋል! እኔ በ22 ዓመት የማስተማር ሥራዬ ስንት የወደቀ እርሳስና ደብተር አንስቼ ለሰው ልጅ ሰጥቻለሁ?

ያነሱልኝ የግቢው ዘበኛ ናቸው። በሩ ክፍት ስለነበር አይተው ገቡ። ምንም አልተናገሩም። ጎንበስ ብለው አነሱት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። የእሳቸው ወገብ ከእኔ ወገብ በዕድሜ ሠላሳ ዓመት ሳይበልጥ አይቀርም። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ኃላፊው ሲናገረኝ አላለቀስኩም ነበር።

አሁን ስለ «ሽርሽሬ» ልናገር። በወገብ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ሆኖ የተቀመጠ ዲስክ አለ። ዙሪያው ጠንካራ ነው፣ መሐሉ ግን ለስላሳ ነው። የእኔ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ተቀድዶ መሐሉ ወደ ኋላ ወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጫነው። ስምንት ወር ሙሉ ከመቀመጫዬ እስከ አውራ ጣቴ እሳት ሲወርድ ነው የኖርኩት። መድኃኒቱንም ስፖርቱንም ሞክሬ፣ እግሬ መዛል ሲጀምር ነው አዲስ አበባ ሄጄ የተከፈትኩት። ሐኪሙ ነርቩን የሚጫነውን አወጣልኝ። እሳቱ ጠፋ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የአውራ ጣቴ መደንዘዝ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው።

ከሆስፒታል ስወጣ ደግሞ የታዘዝኩት መተኛት አይደለም። መራመድ ነው! በየቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ። ለስድስት ሳምንት አለማጎንበስ፣ አለመጠምዘዝ፣ ከባድ ነገር አለማንሳት፣ ከሃያ ደቂቃ በላይ አለመቀመጥ። ከአልጋ ስነሳ እንኳ መጀመሪያ ሰውነቴን ሳላጥፍ እንደ ግንድ በጎኔ እዞራለሁ፣ ከዚያ እግሬን አወርዳለሁ፣ ከዚያ በክርኔ ተገፍቼ እነሳለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልት ዳር የምታዩኝ መድኃኒቴን ስወስድ ነው። እንክብል ስውጥ ብታዩኝ ኖሮ ማንም «ዳነች» አይለኝም ነበር። እግሬን ሳነሳ ግን ከተማው ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

ቆማ ታስተምር ላሉትም፦ መራመድና ስድስት ክፍለ ጊዜ አንድ ቦታ መቆም አንድ አይደለም። የ58 ተማሪ ደብተር ማን ይሸከምልኛል? ትንሹ ልጅ «መምህርት፣ ይኼን አልገባኝም» ሲለኝ ዴስኩ ላይ ሳላጎነብስ እንዴት ነው የማሳየው?

ሕጉም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጠኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የመጀመሪያው ወር አልቋል፣ ከአሁን በኋላ በግማሽ ደመወዝ ነው የምኖረው። የቤት ኪራይ በግማሽ አይሆንም፣ ዘይትም በግማሽ አይሸጥልኝም። ማን ወድዶ ነው ግማሽ ደመወዝ ለመብላት ወገቡን የሚያስከፍተው?

ደግሞ ጠያቂዎቼ። እግዚአብሔር ያክብራችሁ፣ ብርቱካንና ዳቦ ይዛችሁ መጥታችኋል፣ አልክድም። ግን ለምንድን ነው ከዳቦው ጋር ሽባ የሆነ ሰው ታሪክ ይዛችሁ የምትመጡት? «የአክስቴ ባል እንዳንቺው ወገቡን ተከፍቶ አልጋ ላይ ቀረ።» «ወገብና ዓይን አይነካም ነበር እኮ፣ ምነው ሳታማክሪን!» አሁን ተከፍቶ ተሰፍቷል፤ ልመልሰው? ወጌሻ አምጥታችሁ ልታሳሹኝ ያሰባችሁም አላችሁ። ወጌሻን አልንቅም፣ ልጅ ሆኜ የወለቀ ክንዴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። የወር ቁስል ላይ ግን በቅቤ የሚታሽ ነገር የለም!

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ዝቅ ያለ ነው፣ ምንጣፉም መሬት ላይ ነው። ዳር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ቆሜ አጽናናሁ። «ቁጭ ብላ ማልቀስ ተጸየፈች» መባሌን በማግሥቱ ሰማሁ። ከአልጋዬ ተነስቼ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ተጸየፈች።

የታችኛዋ ጎረቤቴ ብቻ ናት የገባት። ትናንት ረከቦቱን እኔ ቤት አምጥታ ቡና አፈላች። እኔ ስኒዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ስቆም አየችኝና እሷም ከዱካዋ ተነሳች። ሦስቱንም፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም፣ ቆማ አብራኝ ጠጣች። ለምን እንደቆምኩ አልጠየቀችም። ስትወጣ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያሽርሽ» አለችኝ። አንድ ሰው እንዲህ ሲሆንልኝ ሌላው ለምን ይከብደዋል?

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ውኃው ነው። በፈረቃ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ። ስትመጣም ሌሊት ነው፣ ስትመጣም በግቢው በር ያለችው ቧንቧ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ጄሪካን 20 ሊትር ነው፣ 20 ኪሎ ማለት ነው። ለእኔ የተፈቀደልኝ ሦስት ኪሎ ነው። ስለዚህ የምታነሳው የ13 ዓመት ልጄ ናት። ባለፈው ሌሊት ተኝቼ እሰማታለሁ፤ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትተነፍሳለች፣ እንደገና ታነሳለች። የጄሪካኑ ቂጥ ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ወገብሽን አታጣምሚ፣ በጉልበትሽ አንሺ» እያልኩ ከአልጋ ላይ እጮሃለሁ። የእኔን ወገብ እየጠበቅን የእሷን ልንሰብረው ነው።

ትምህርት ቤቱ ወረቀቱን አልተቀበለም። እንደገና ዳገቱን አልወጣም። ነገ ልጄ ከትምህርት ስትመለስ ለመዝገብ ቤት ትሰጥና በቅጂው ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፋ ታመጣልኛለች። አንቀበልም ካሉም ያንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ። በቃል ግን ከእንግዲህ ከማንም ጋር አልከራከርም፣ አቅምም የለኝም።

ልትጠይቁኝ ያሰባችሁ ግን ኑ። ብርቱካን አታምጡ፣ አለ። ውኃ የምትመጣው የፊታችን ሐሙስ ሌሊት ነው። ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስታልፉ ገባ በሉና ከግቢው በር እስከ ማድ ቤት አንድ አንድ ጄሪካን አድርሱልኝ። አራት ናቸው። በሩን አልቆልፈውም።