ምርጊት የሌለው የእንጨት ቤት

እስቲ ዛሬ ልተንፍሰው። ነገሩ የሆነው በ2014 የገና ሰሞን፣ የጎጃም መንገድ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ብሶቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ባለቤቴ ስልኳ ላይ አንድ ፎቶ አየች። ጮቄ ተራራ ላይ የሚከራይ የግንድ ቤት። ግድግዳው ድፍን የባህር ዛፍ ግንድ፣ በረንዳው ላይ ጀበና፣ ከኋላው ጉም። "ሙቅ ሻወር፣ ምድጃ፣ ዋይፋይ" ይላል። ለአንድ ሌሊት 2,500 ብር። የሁለት ሌሊቱን በቴሌብር ላክንና ተነሣን። እስከ ደብረ ማርቆስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጆቹ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሹራባቸውን አውልቀው ጣሉ። ማታ መልሰው ለበሱት፤ ከዚያ ወዲያ በልመናም አላወለቁም።

እውነቱን ልናገር፣ ቤቱ ያምራል። ፊት ለፊቱ የገብስ ማሳ፣ ከፍ ሲል አስታና ጅብራ። ልጆቹ እንኳ ዝም አሉ። ከዚያ መሸና ነፋሱ ገባ። በበር እንዳይመስላችሁ። በግድግዳው!

ለካ ግንዶቹ የተደረደሩት ርጥብ ሳሉ ነው። ርጥብ እንጨት ሲደርቅ በውፍረቱ ይኮማተራል። ባህር ዛፍ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ይህን የትኛውም የሰፈር አናጢ ያውቀዋል። በግንድና በግንድ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ተኝቼ በግድግዳ በኩል ኮከብ አየሁ። የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ እኛ ያለንበትም ከ3,000 በላይ ነው። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ፣ ውርጭ። ካልሲ ወተፍን፣ ፌስታል ወተፍን፣ በመጨረሻ የልጄን የሒሳብ ደብተር ቀደድን። (እሷ በዚህ አልተከፋችም።)

ምድጃውስ? ምድጃው አለ። ማገዶው ግን ለብቻው ይከፈላል፤ አንድ እቅፍ 150 ብር። ባህር ዛፍ እንደ ሣር በሞላበት ጎጃም! እሱም ርጥብ ነው። ቤቱ በጭስ ታፈነ። ደግነቱ ግድግዳው ክፍት ስለሆነ ጭሱ ወጣልን።

ሙቅ የተባለው ሻወር በፀሐይ የሚሠራ ነው። ጠዋት ስከፍተው ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኗል። ዋይፋዩን ተዉት። ድንች ጣድን፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ዘጠና ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና አልበስል ብሎ ዕድሜያችንን ጨረሰው።

ከሁሉ ያበሸቀኝ ግን የዘበኛው ነገር ነው። ከግቢው ጥግ ትንሽ የጭቃ ቤት አለቻቸው። ጠዋት እሳት ልለምን ስገባ ላብ ሊያጠምቀኝ ምንም አልቀረው። ማገር፣ ጭቃ፣ ጭድ፤ አለቀ። እሳቸው ደበሏቸውን አውልቀው ቡና ይጠጣሉ።

"ጋሼ፣ ያኛውን ለምን አላስመረጉትም?" አልኳቸው።

"ነግሬው ነበር እኮ ልጄ። እንግዳ የሚከፍለው እንጨቱ እንዲታየው ነው አለኝ።"

እንጨቱማ ታየን! አያቶቻችን ይህንን ብርድ ስንት ዘመን ሲኖሩበት፣ እንጨት ካቆሙ በኋላ ጭቃ የሚመርጉት ፎቶ ማንሣት ስላላወቁ ነው? ባለቤቱ ጋ ደወልኩ። የሁለተኛውን ሌሊት ብር ይመልስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። "ወንድሜ፣ ተፈጥሮን ሽተህ አይደል የመጣኸው?" ብሎኝ ዘጋው።

ዕቃችንን ጠቅልለን ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ገባን። መምጣታችንን አልነገርናትም ነበር፤ እንዳናስቸግራት ብለን። ልጆቹን ባና አልብሳ፣ ሽሮ አቅርባ፣ እስክንጠግብ ጠብቃ ነው የጀመረችው።

"ዘመድ አልቆብህ ነው ቤት የምትከራየው?"

ዝም አልኩ።

"ለመሆኑ ስንት ከፈላችሁ?"

"ሦስት መቶ ብር" ብዬ ዋሸሁ።

እሱንም ሰምታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።