ሊብሬ ያለው ትራክተር፣ ታሪክ ያለው ትራክተር

በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ በቆሎና አኩሪ አተር ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ያሉት ወራት ያገለገለ የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥባቸውና የሚገዛባቸው ናቸው። አንደኛው ምክንያት የገበሬው እጅ ከሥራ የሚያርፈው ያኔ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው የግብር ሕጉ ነው። ዓመቱ ከማለቁ በፊት ለእርሻው መሣሪያ የገዛ ሰው፣ መሣሪያው አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ የከፈለውን ዋጋ በሙሉ ከዚያው ዓመት ገቢው ላይ ሊያስቀንስ ይችላል። በታኅሣሥ ጨረታ ላይ ለአሮጌ ትራክተር ያልተጠበቀ ዋጋ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛው መክሮ የላከው ሰው ነው። የምተዳደረው ከሚኒሶታ እየተነሣሁ በተጎታች መኪና የእርሻ ማሽን በማመላለስ ስለሆነ፣ ራሴ ባልጫረትም ግቢዎቹን በሚገባ አውቃቸዋለሁ።

ብዙው ጨረታ የሚካሄደው ጡረታ በሚወጣ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቹ ከተማ የቀሩበት ሽማግሌ መሬቱን ለጎረቤት ያከራይና ትራክተሩን፣ ኮምባይነሩን፣ መዝሪያውን፣ እስከ መፍቻና ቡሎን ያለውን ሁሉ በሰልፍ ያስደረድራል። ብዙ ጊዜ መነሻ ዋጋ አይቆረጥም፤ የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው፣ ሻጩን ቢያስከፋውም እንኳ፣ ዕቃውን ይወስዳል። ገዢው ቀድሞ መጥቶ ሞተሩን ሳይሞቅ ያስነሣል፣ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ ያያል፣ የሠራበትን ሰዓት ከቆጣሪው ያነብባል። ዋጋውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ግን በአመዛኙ የሻጩ ስም ነው። ማሽኑን መጋዘን ውስጥ ያሳድር እንደነበረ፣ ዘይቱን በጊዜው ይቀይር እንደነበረ አገሬው ያውቃል፤ ወኪሉ ጋራዥ የሠራው ጥገናም በማሽኑ መለያ ቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ለእኛ ሰው የሚገርመው በአብዛኛዎቹ ግዛቶች ትራክተር እንደ መኪና የባለቤትነት ደብተር የሌለው መሆኑ ነው። ለብድር መያዣ ሆኖ እንደሆነ ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የግዛቱ መዝገብ በባለዕዳው ስም ይፈለጋል፤ ሌላው በሽያጭ ደረሰኝ ያልቃል።

በአገራችን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ትራክተሩ ሊብሬ አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ ሽያጩ በውልና ማስረጃ ይጸድቃል፤ በባለቤትነት ወረቀት በኩል አሜሪካዊውን ገበሬ እንበልጠዋለን ማለት ይቻላል። ወረቀቱ የማይናገረው ማሽኑ እንዴት እንደኖረ ነው። ጊርቦክሱ መቼ እንደተፈታ፣ ሃይድሮሊኩ በማን እጅ እንደተጠገነ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያውቀው ምናልባት ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀው ኦፕሬተር ብቻ ነው። ቆጣሪው የቆመ ማሽን ገበያ ላይ ማግኘት የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን ባዶ ቦታ የሚሞላው ደላላው ነው፤ እርሱም ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚጠብቅ በመሆኑ ምስክርነቱ ወደየት እንደሚያደላ ገዢው ሳይነገረው ያውቃል።

ይህን በሰው ጠባይ ብቻ ማሳበብ ትክክል አይመስለኝም። የአዮዋው ትራክተር በአንድ ቤተሰብ መሬት ላይ፣ በአንድ ሰው እጅ ያረጀ ነው። የእኛ አገር ትራክተር ግን በአብዛኛው የኪራይ ማሽን ነው። የገበሬው ይዞታ በአማካይ ከአንድ ሄክታር የማይርቅ በመሆኑ ባለ ትራክተሩ የሰው መሬት በሄክታር እየተከፈለው ያርሳል፤ በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ኮምባይነሩ የአዝመራውን መድረስ እየተከተለ ከወረዳ ወረዳ ይዞራል፣ ክፍያውም በኩንታል ነው። እንዲህ ያለ ማሽን በሥራ ወቅት አይቆምም፤ ለጥገና የቆመበት ቀን ሁሉ ያመለጠ ገቢ ነውና ጥገናው ወደ ነገ ይገፋል። ከዚህም ጀርባ ታሪክ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጭላሎ አውራጃ ትራክተር ሲስፋፋ ጭሰኛው ከመሬቱ ተፈናቀለ፤ የየካቲት 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ደግሞ ትላልቆቹ የግል እርሻዎች ወደ መንግሥት እርሻነት ተዛወሩ። ለአንድ ትውልድ ያህል ትራክተር በዋናነት የመንግሥት ንብረት ሆኖ በመቆየቱ፣ ገበሬ ለገበሬ የሚሸጥበት ገበያ ገና ልጅ ነው።

የድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሽያጭ የተለየ መልክ አለው። ማስታወቂያው በጋዜጣ ይወጣል፣ ተጫራቹ ሰነድ ገዝቶና ሲፒኦ አሠርቶ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያስገባል፣ ማሽኑም «ባለበት ሁኔታ» ይሸጣል። ባለበት ሁኔታ መሸጥ አሜሪካም ያለ ነው። ልዩነቱ ከጨረታው በፊት ያለው ፍተሻ ነው፤ ባትሪው የወጣለት፣ ሣር የበቀለበት ትራክተር ዙሪያውን ዞሮ ከማየት በቀር ምን ሊፈተሽ ይችላል?

ዋጋውንም እንመልከት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በዶላር ሲለካ ወርዷል፤ አዲስ ማሽን በተወደደ ቁጥር አሮጌውም አብሮ ይወደዳል። እዚህ አሜሪካ ዓመት ባለፈ ቁጥር ዋጋው የሚወርድ ዕቃ፣ እዚያ አገር ቤት በብር ሲቆጠር ከተገዛበት በላይ ሊሸጥ ይችላል። በዚህ ላይ መንግሥት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ሲታከልበት፣ እዚህ ካለነው ኢትዮጵያውያን መካከል «አንድ ሁለቱን በኮንቴይነር ብልክስ» የማይል የለም። ስልክ ለሚደውሉልኝ የምመልሰው አንድ ነው። እዚህ በርካሽ የሚሸጠው ማሽን ብዙውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር የፈረስ ጉልበት ያለውና ለሰፊ ማሳ የተሠራ በመሆኑ ለጠባብ ማሳ አይመችም፤ አነስተኛው ትራክተር ደግሞ እዚህም ዋጋው አይወርድም። ከጅቡቲ በኋላ የሚጠብቀው ችግር የመለዋወጫ ነው። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ዕቃ አገር ውስጥ ለበዛው ማሽን ነው፤ ለብቻው የገባ ሞዴል አንዲት ፓምፕ ስትበላሽበት ወቅቱን ሙሉ ይቆማል።

አዳዲሶቹ ማሽኖች የያዙት ሶፍትዌርም አለ። አሜሪካዊው ገበሬ ራሱ ያለ ወኪሉ ኮምፒዩተር ስህተቱን ማጥፋት ስላልቻለ ተማሯል። የኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 የእርሻ መሣሪያን በራስ የመጠገን መብት የሚሰጥ ሕግ ያወጣው፣ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽንም ከኢሊኖይና ከሚኒሶታ ጋር ሆኖ በጥር 2025 የትራክተር አምራቹን ኩባንያ ጆን ዲርን የከሰሰው በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ማምረቱ የቆመው ጆን ዲር 4020 ዛሬም በየጨረታው ፈላጊ የማያጣው ምንም ኮምፒዩተር ስለሌለው ጭምር ነው። ወኪል በሌለበት ወረዳ ይህ ችግር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ዶላሩን ማሽን ለመጫን ከማዋል ይልቅ እዚያው ያለውን ማሽን ታሪክ ማስመዝገብ ይቀድማል እላለሁ። የመያዣ መዝገብ በኩል መንገዱ ተጀምሯል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ በብሔራዊ ባንክ ሥር የኤሌክትሮኒክስ መዝገብ እንዲቋቋም አድርጓል። የጎደለው የሥራ ሰዓትና የጥገና መዝገብ ነው። ይህን ለመጀመር ቅርብ የሆኑት ማሽን በኪራይ ግዢ የሚሰጡት የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማት ናቸው፤ ክፍያው እስኪያልቅ ባለንብረቶቹ እነርሱ በመሆናቸው ተከራዩ በየወቅቱ የቆጣሪውን ንባብና የጥገናውን ደረሰኝ እንዲያቀርብ በውላቸው ማስገባት ይችላሉ። ባለዕዳው መክፈል አቅቶት የተወሰደ ማሽን ለሐራጅ ሲወጣም ያው መዝገብ ከጨረታ ሰነዱ ጋር አብሮ መሸጥ አለበት።