ማስተካከያ፦ መብራት ወደ ቤትዎ የሚያደርሰው ማን ነው?

ቀደም ሲል ለደብረ ማርቆስና ለፍኖተ ሰላም ነዋሪዎች ባቀረብነው ጽሑፍ፣ የቤት መብራት የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው ማለታችን ስህተት ስለነበር ይቅርታ እንጠይቃለን። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተቋማት ከተከፈለ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንደ ጣና በለስ ካሉ ጣቢያዎች ያመነጨውን ኃይል በከፍተኛ መስመር እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት ዝቅ አድርጎ ወደ ቤት የሚያስገባው፣ ቆጣሪ የሚተክለውና ሒሳብ የሚሰበስበው ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሁለቱም በሰው አፍ «መብራት ኃይል» መባላቸው ሳያሳስተን አልቀረም። እንግዲህ ምሰሶው ላይ ያለው ፊውዝ ሲቃጠል ወይም የካርድ ቆጣሪዎ አልሞላ ሲል፣ የሚያመለክቱት በአቅራቢያዎ ላለው የአገልግሎቱ ማዕከል ወይም በ905 የስልክ መስመር ነው።