ቆይ፣ ወፏ ምን አደረገችህ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምሮጠው ለጤና ብቻ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ለወፎቹ ነው። ሩጫው ሰበብ ነው።

ክረምቱ ሲያልፍ አንዲት ትንሽ ወፍ ትመጣለች። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ። ውሃው ጫፍ ላይ ቆማ ጭራዋን ላይ ታች፣ ላይ ታች ታደርጋለች፤ ለአፍታ አታርፍም። ክብደቷ 50 ግራም ገደማ ነው። የነአውሮፓን ብርድ ሸሽታ ያን ሁሉ አገር በርራ ነው የምትደርሰው።

ደርሳስ ምን ይጠብቃታል? ድንጋይ! ትናንት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሩጫዬን ገታ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ እያየኋት ነበር። አንዱ ጎረምሳ ከኋላዬ መጥቶ ወረወረባት። «ምነው?» ስለው፣ «ስትበር ቪዲዮ ልቀርጻት ብዬ ነው» አይለኝም! ወይ ጉድ። እሷ እኮ አንተ ባትኖርም ትበራለች።

ስፒከር በእጁ አንጠልጥሎ የሚሮጠውስ? የጆሮ ማዳመጫ የሚባል ነገር አልሰማም መሰለኝ። ገና ከሩቅ ሲመጣ ወፎቹ ብን! የሚቀሩት ክንፋቸው ላይ እሾህ ያላቸው፣ ጥቁርና ነጭ ጯሂዎቹ ናቸው። እነሱም ይሳደባሉ። ደግ አደረጉ። የሃይላንድ ፕላስቲኩን ነገርማ ባላነሳው ይሻላል።

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቆቹ ወፎች ግን ምንም አይመስላቸው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ፣ መላጣቸውን ገልጠው እንደ ሽማግሌ ተገትረዋል። ሰውም ፎቶ የሚነሳው ከነሱ ጋር ነው። የኔዋን ትንሿን ወፍ ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ ከድንጋይ ወርዋሪው በስተቀር።